ለአጋዘን አደን ውድ ጥይት ያዋጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒሶታ ውስጥ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ የሚጾም አዳኝ ግዳዩን ለማጣጣም ያለው ጊዜ ከሦስት ሳምንት ያነሰ ነው። ከመክፈቻው በፊት ባሉት ሳምንታት ስልኬ እረፍት የለውም። ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥይት መደብር ውስጥ መደርደሪያ ፊት ቆሟል፤ በአንድ እጁ 30 ዶላር የሚሸጥ ፓኮ፣ በሌላው 60 ዶላር የሚሸጥ ፓኮ ይዟል። በሁለቱም ውስጥ ያለው ሃያ ፍሬ ነው፤ ሁለቱም ላይ ቀንዳም አጋዘን ተስሏል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ አኑሬያቸዋለሁ።

በአጭሩ ይንገሩኝ፤ ውዱ ጥይት አጋዘንን የበለጠ ይገድላል?

አይገድልም። ሳንባና ልብ ባሉበት ደረቱ ላይ የተመታ አጋዘን በ30 ዶላሩም በ60 ዶላሩም ያው ይወድቃል። እኔ ራሴ ግን ዛሬ የምገዛው ውዱን ነው። ነገሩ የሚጣረስ ይመስላል፤ ምክንያቱ ከአጋዘኑ አሟሟት ጋር ሳይሆን ወደ ቤት ከሚገባው ሥጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ወደ ታች እመጣበታለሁ።

«ፕሪሚየም» የሚባለው ምኑ ነው የተለየው?

አረሩ። በልማድ ሁሉንም «ጥይት» እንላለን እንጂ አንድ ጥይት ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከቀለሁ ሥር ተሰክታ ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ቁራጭ እና ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው አረር ተገጣጥመው ነው። በርካሹና በውዱ መካከል ባሩዱም ቀለሁም ያን ያህል አይለያዩም፤ ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው ለአረሩ ነው።

ተራው አረር በቀጭን የመዳብ ልባስ የተሸፈነ እርሳስ ነው፤ ጫፉ ላይ እርሳሱ ራቁቱን ይታያል። ሥጋ ሲነካ ጫፉ ይደፈጠጥና ወደ ኋላ እየተገለበጠ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል። ሬሚንግተን ከ1939 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የሚያመርተው ኮር ሎክት፣ የዊንቸስተር ፓወር ፖይንት፣ የፌዴራል ፓወር ሾክ እና የሆርናዲ ኢንተርሎክ በዚህ ወገን ናቸው። ችግሩ ኃይለኛ ምት ወይም ወፍራም አጥንት ሲያጋጥመው እርሳሱና ልባሱ ሊለያዩ፣ አረሩም ክብደቱን ሊበትን መቻሉ ነው።

ውዶቹ ይህንኑ ችግር በሦስት መንገድ ይፈቱታል። አንዳንዶቹ መሐላቸው ላይ የመዳብ ግድግዳ አላቸው፤ የፊቱ ክፍል ሲሰፋ የኋላው ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የኖዝለር ፓርቲሽንና የስዊፍት ኤ ፍሬም እንዲህ ያሉ ናቸው። ሌሎቹ እርሳሱና መዳቡ እንዳይላቀቁ የተጣበቁ ናቸው፤ አኩቦንድ ለዚህ ይጠቀሳል። ሦስተኛዎቹ እርሳስ የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለባቸው፣ ከወጥ መዳብ የተሠሩ ናቸው። ይህን መንገድ በ1980ዎቹ የጀመረው ባርንስ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ትልልቅ አምራቾች የየራሳቸው የመዳብ አረር አላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጫፉ ላይ ባለቀለም ፕላስቲክ ያለው ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ከፕላስቲክ ጫፎቹ አንዳንዶቹ ቶሎ እንዲከፈቱ የተሠሩ ስስ አረሮች ናቸው፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፣ ጠባያቸው ግን ከተራው የበለጠ የሚሰባበር ነው። ቀለም አይቶ መግዛት እዚህ ላይ ያስታል።

ታዲያ ተራው በቂ ከሆነ እነዚህ ለምን ተፈለሰፉ?

ለአጋዘን ስላልተፈለሰፉ ነው። በ1946 ጆን ኖዝለር የተባለ አሜሪካዊ ካናዳ ውስጥ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሙስ ሊያድን ሄደ። ሙስ ከአጋዘን ወገን ነው፤ ወንዱ ግን ከግማሽ ቶን ሊበልጥ ይችላል። ሰውየው የያዘው በዘመኑ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ፣ ባለ .300 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም ነበር (በጥይት ስም ላይ ያለው እንዲህ ያለ ቁጥር የአረሩን ውፍረት በግምት በኢንች ይናገራል)። እንስሳውን መታው፤ አረሩ ግን ጠልቆ በመግባት ፈንታ ላይ ላዩን ተፈረካከሰ። ኖዝለር ከጉዞው ተመልሶ መሐሉ ግድግዳ ያለውን አረር ሠራ፤ በ1948ም ኩባንያውን መሠረተ።

ይህን ታሪክ የምደግመው ጥያቄውን ስለሚያቀልለው ነው። ፓርቲሽን የተወለደው ከትልቅ እንስሳ፣ ከወፍራም አጥንትና ከከፍተኛ ፍጥነት ጋር በተያያዘ ችግር ነው። እኛ የምናድነው ባለ ነጭ ጭራው አጋዘን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 120 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የጎን አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ደረቱም ከግራ ወደ ቀኝ ከአርባ ሳንቲሜትር እምብዛም አይርቅም። ለሙስ የታሰበ መድኃኒት ነው ለአጋዘን የሚሸጥልን። ሥራው ጥሩ መሆኑ አያጠያይቅም፤ በሽታው ግን እኛ ዘንድ ብዙ የለም።

(በነገራችን ላይ አገር ቤት «አጋዘን» የምንለው ሌላ ፍጥረት ነው። የእኛ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይኖራል፤ የአሜሪካው በየዓመቱ ጥሎ ሌላ ያበቅላል። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ዋላ» የሚለው ለዚህኛው ይቀርባል። ስሙ ግን በስደት አገር «አጋዘን» ሆኖ ስለጸና እኔም ተከትያለሁ።)

ውዱ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለት ነው?

አለ። ቁልፉ አረሩ እንስሳውን በሚመታበት ቅጽበት ያለው ፍጥነት ነው። ተራ አረር የሚመቸው መካከለኛ ፍጥነት ነው። ባለ .308 ዊንቸስተር 150 ግሬን (ወደ 10 ግራም የሚጠጋ) አረርን በሰከንድ 860 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ ሰማንያ ያርድ ላይ ያለ አጋዘን ጋ ሲደርስ ለተራው አረር የሚመች ፍጥነት ይኖረዋል። ባለ .300 ዊንቸስተር ማግነም ከያዙና አጋዘኑ ሠላሳ ያርድ ላይ ከጥድ መሐል ብቅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አረሩ ገና ፍጥነቱ ሳይበርድ ይደርስና ትከሻ ላይ ካረፈ ሊበታተን፣ ሥጋውንም ደም የቋጠረ ጭቃ ሊያስመስለው ይችላል። እዚያ ጠንካራው አረር ዋጋውን ያወጣል።

ሁለተኛው ጠመንጃው ትንሽ ሲሆን ነው። ባለ .243 ለልጆችና ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈውን ምት ለማይወዱ ሰዎች ጥሩ ነው፤ አረሩ ቀላል ስለሆነ ግን የሚበትነው ትርፍ ክብደት የለውም። ሚኒሶታ ባለ .22 ዲያሜትር ጥይቶችን ጭምር ለአጋዘን ትፈቅዳለች። በእነዚህ ለሚያድን ሰው የተጣበቀ ወይም የመዳብ አረር ቅንጦት አይደለም።

የእኔ ባለ .30-30 ነው። ልጨምርበት?

ገንዘብዎን ያስቀምጡ። ይህ ጥይት ከ1895 ጀምሮ አጋዘን ሲጥል የኖረ ነው፤ ዝግተኛ ስለሆነ ተራው አረር በእሱ ላይ እንደ ልብ ይሠራል። ይልቁንም ለፈጣን ጠመንጃ የተሠራ ጠንካራ አረር በዚህ ፍጥነት በቅጡ ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል። ባለ 7.62×39 ላላቸውም መልሱ ይኸው ነው፤ ጫፉ የሚከፈት ዓይነት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

የወታደር ጥይት በጣም ርካሽ ነው። በእሱ ባድንስ?

አይሆንም። አረሩ ሙሉ በሙሉ በልባስ የተሸፈነው ጥይት ሳይከፈት በስቶ ያልፋል፤ አጋዘኑ ቆስሎ ኪሎ ሜትሮች ሄዶ ይሞታል፣ እርስዎም አያገኙትም። ሚኒሶታን ጨምሮ በብዙ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነው። ለልምምድ ይጠቀሙበት።

የዋጋውን ነገር በቁጥር ቢያሳዩኝ?

ደስ ይለኛል፤ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። በሁለቱ ፓኮዎች መካከል ያለው ልዩነት 30 ዶላር ነው እንበል፤ ለአንድ ፍሬ አንድ ዶላር ተኩል ይመጣል። አንድ አዳኝ በዓመት አጋዘን ላይ የሚተኩሰው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጥይት ነው። ጠመንጃውን ለማቅናት አምስት ስድስት ቢጨምር እንኳ አንድ ፓኮ ሁለት ዓመት ያቆየዋል። ከነዳጁ፣ ከፈቃዱና ብልት ለሚያወጣው ሰው ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ የአረሩ ልዩነት የቡና ዋጋ ነው። ስለዚህ «ውድ ነው» የሚለው መከራከሪያ ለእኔ አያሳምንም፤ «አያስፈልግም» የሚለው ነው ሊያሳምን የሚችለው።

ውዱ የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው። ፍሬው ሦስት ዶላር ሲሆን ሰው ልምምዱን ይሰስታል። በዓመት አንድ ቀን ሦስት ጥይት ተኩሶ ወደ ጫካ የሚገባ ባለ ፕሪሚየም፣ በጋውን ሙሉ አንድ መቶ ተራ ጥይት ከተኮሰው ጋር አይተካከልም። አንድ የአደን ጓደኛዬ ለአንደኛው ዓመት አደኑ ከመደብሩ ውድ የተባለውን መርጦ ገዛ፤ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ግን በሌላ ጥይት ነበር ያቀናው። ስድሳ ያርድ ላይ የቆመችውን እንስት አጋዘን በአናቷ ላይ አሳለፈባት። ቀኑን ሙሉ ጥይቱን ሲረግም ዋለ።

ከሚከፍሉት ላይ ጥቂቱ ወደ ጫካው እንደሚመለስም ይወቁ። በ1937 በወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በጥይት ላይ 11 በመቶ የፌዴራል ታክስ ይከፈላል፤ ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ለግዛቶች ይከፋፈላል።

ስለ ሥጋው ያሉት ምን ነበር?

እነሆ ዋናው ነገር። ከ150 ግሬን አረር አንድ ሦስተኛው ቢበተን፣ ከሦስት ግራም በላይ የሚሆን ብረት ሥጋው ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የሚቀረውም እንደ ጠጠር በጥርስ የሚያዝ አይደለም፤ አብዛኛው ዓይን የማያየው፣ ምላስ የማይለየው ብናኝ ነው።

በ2008 የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሞቱ በጎችን በተለያዩ አረሮች አስተኩሶ በኤክስሬይ አይቷቸዋል። ቶሎ የሚከፈቱት አረሮች ከሁሉ የበለጠ ብናኝ በትነው ተገኙ፤ ብናኙም ሰው ከሚገምተው በላይ ከቁስሉ ርቆ ታየ። መዳቡ እርሳስ አልተወም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፦ ሥጋውን በውኃ ማጠብ ብናኙን ወደሌላው የሥጋ ክፍል ያሰራጨዋል። እኛ ደግሞ ማጠብ እንወዳለን። ለዓመታት አጋዘኑን ሰቅዬ በጎማ ውኃ አጥለቅልቄዋለሁ፤ ንጹሕ አደረግሁት ብዬ።

በዚያው ዓመት ጎረቤት ግዛት ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የ736 ሰዎች ደም ተመረመረ። የአደን ሥጋ የሚበሉት ከማይበሉት ከፍ ያለ እርሳስ በደማቸው ተገኘባቸው። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አሳሳቢ ይባል ከነበረው በዴሲሊትር 10 ማይክሮግራም በላይ የሆነም አልነበረም። ይሁንና የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ለሕፃናት የሚጠቀምበትን መለኪያ በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 አውርዶታል። ለሕፃን አንጎል «ይህን ያህል እርሳስ አይጎዳም» የሚባል መጠን አልተገኘም።

ላጋንነው አልፈልግም። ዕድሜ ልካቸውን በተራ ጥይት የወደቀ አጋዘን በልተው ጤናማ ሆነው ያረጁ ብዙ ሰዎች አሉ። ቤትዎ ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ትንንሽ ልጆች ከሌሉ፣ ቁስሉን በሰፊው ቆርጠው ከጣሉ ተራው አረር አያስኮንንዎትም። እኔ ልጆች አሉኝ፤ 30 ዶላሩን የምጨምረው ለእነሱ ነው።

ታዲያ ማንኛውንም ፕሪሚየም ብገዛ ከእርሳስ እድናለሁ?

አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ፓርቲሽንም አኩቦንድም እርሳስ አላቸው። የተጣበቁት የሚበትኑት ሊቀንስ ይችላል እንጂ አይጠፋም፤ የፓርቲሽን የፊት ክፍል እንዲያውም እንዲበተን ተብሎ የተሠራ ነው። ሥጋው ካሳሰብዎ ፓኮው ላይ ከእርሳስ ነጻ መሆኑ ወይም ወጥ መዳብ መሆኑ የተጻፈውን ይፈልጉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ላሉ ምርጫው አስቀድሞ ተወስኗል፤ በ2013 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ ያለበት ጥይት መጠቀምን ከልክሏል። ሕጉን ያመጣው በዋናነት የኮንዶር አሞራ ጉዳይ ነው፤ አዳኝ ጥሎት የሄደውን አንጀት እየበላ በእርሳስ ይመረዝ ነበር። ንስሮችም እንዲሁ ናቸው፦ በ2022 በታተመ ጥናት ከ38 ግዛቶች ከተመረመሩ 1,210 ንስሮች ግማሽ የሚጠጉት አጥንታቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተጠራቀመ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል።

ከአጋዘን ክትፎ መሥራት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያለፈበት ዓመት የለም። ክትፎው ይጣፍጣል፤ ሥጋው ስብ የለውም፣ ቅቤውን እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል። በጥሬው ግን አልመክርም። የዱር ሥጋ ቶክሶፕላዝማና ሌሎች ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ፤ የተፈጨ የአደን ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ እንዲበስል ነው የሚመከረው። በእርሳስም በኩል ከሁሉ የከፋው የተፈጨ ሥጋ ነው። ሽንጡ ከቁስሉ ሩቅ ነው፤ ወደ መፍጫው የሚገባው ግን በአረሩ ዙሪያ የነበረው የትከሻና የደረት ቁርጥራጭ ነው፤ መፍጫው ደግሞ ብናኙን ለሁሉም እኩል ያዳርሰዋል። ብልት የሚያወጡ ቤቶች አንዳንዶቹ የብዙ አዳኞችን ቁርጥራጭ ቀላቅለው ይፈጫሉ፤ እርስዎ በመዳብ ተኩሰው የጎረቤትዎን እርሳስ ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። የራሴን እኔው ራሴ እፈጫለሁ። ከታፋው ቋንጣ ይወጣል፣ ከሽንጡ ጥብስ።

(በጥይት የሞተ እንስሳ ሳይባረክ ይበላል ወይ የሚለውን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ዘዳግም 14 ዋላን ከሚበሉት ጋር እንደሚቆጥር ብቻ ልጠቁም።)

መዳብ ጉድለት የለውም?

አለው። ከእርሳስ ስለሚቀል አረሩ በተመሳሳይ ክብደት ይረዝማል፤ አንዳንድ ጠመንጃ ይህን አይወድም፤ አንድ ደረጃ ቀለል ያለውን መምረጥ የተለመደ ነው፦ በ.308 ከ165 ግሬን ይልቅ 150 ወይም 130። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ550 እስከ 600 ሜትር ድረስ ሲወርድ በቅጡ ላይከፈት ይችላል፤ ይህ ግን በጫካ አደን ርቀት አያጋጥምም። አጋዘኑም ሁልጊዜ በቆመበት አይወድቅም። ቀዳዳው ጠበብ ስለሚል ሃምሳ ስልሳ ያርድ ሮጦ ሊወድቅ ይችላል፤ ማማዎ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡና ደሙን ተከትለው ይውረዱ። ብዙውን ጊዜ አረሩ በስቶ ስለሚወጣ ደሙ በሁለቱም በኩል ይፈስሳል፤ ለመከተል ይቀልላል።

መካከለኛ የለውም? ስልሳ አላወጣም፣ ሠላሳውንም አላመንኩትም።

አለ፤ የፌዴራል ፊውዥን። መዳቡ በእርሳሱ ላይ በኤሌክትሪክና በኬሚካል ዘዴ የሚለበጥ፣ በተለይ ለአጋዘን ታስቦ የተሠራ የተጣበቀ አረር ነው፤ ዋጋው ወደ ተራው ያደላል። ፋብሪካው እዚሁ ሚኒሶታ አኖካ ከተማ መሆኑ ፍርዴን እንዳላዛባው ተስፋ አደርጋለሁ። እርሳስ እንዳለበት ግን አይርሱ።

አገር ቤት ለሚያድን ሰውስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ የሚታደነው የደጋ አጋዘን ወንዱ ከ200 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ ርቀቱም በተራራ ላይ ይረዝማል። እዚያ ጠንካራ አረር ይዞ መሄድ ተገቢ ነው። ያን ፈቃድ ከፍሎ የሚመጣ ሰው ስለ 30 ዶላር ሲጨነቅ አላየሁም።

ጥይት ስቀይር መነጽሬን እንደገና ማስተካከል አለብኝ?

አዎ፣ ሁልጊዜ። ክብደታቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓይነት ጥይቶች እንኳ መቶ ያርድ ላይ ጥቂት ኢንች ተራርቀው ሊያርፉ ይችላሉ። ከመዳቡ ሁለት ፓኮ ይግዙ፤ አንዱን በመስከረም ዒላማ ላይ ይጨርሱት። ከዚያ በፊት አፈሙዙን ከቀደመው ቅሪት በደንብ ይወልውሉ።

ካለፈው ዓመት የተረፈኝ ግማሽ ፓኮ አለ፤ ይበላሻል?

ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ቀለሁ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካወጣ ወይም አረሩ በጣት ሲነካ ከተነቃነቀ አይተኩሱት። የመኪና ጓዳ ውስጥ በጋ ከክረምት አይተዉት፤ ፓኮውንም አይጣሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት መደርደሪያው ፊት ቆመው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የምጠይቅዎ «ባለፈው የተኮሱት የትኛውን ነበር?» ብዬ ነው።